አንድ ቃል ቀረ

ቃሏን አደራ ብላኝ ሄደች፣ እናቴ። ብዙ አልነበረም ቃሏ። ትንሽ ነበር። ትንሽነቱ ነው የሚያንገበግበኝ።

በሰሌን ጠቅልሉኝ፣ አለች፤ ሣጥኑ ይቅርብኝ። መገነዣዋን ራሷ ገዝታ፣ ጠርዙን ራሷ ዘምዝማ፣ ከቁም ሣጥኑ ግርጌ አኑራው ነበር። ዘርግቼ አየሁት፣ ነጩን አቡጀዲ። ከአንዱ ጥግ የክሩ ጫፍ ሳይቆረጥ ተንጠልጥሏል። አልቆረጥኩትም። እንደተንጠለጠለ አብሯት ገባ፣ ያ ክር።

ፍትሐቴ አራዳ ጊዮርጊስ ይሁን፣ አለች። ሆነላት። ታቦቱ በ1888 ዓድዋ የዘመተ፣ በ1909 ንግሥት ዘውዲቱ፣ በ1923 አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ደጅ! በዚያ ደጅ ዕድሜዋን ሙሉ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመች፣ በሰው ትከሻ ገባች። ስምንት ማዕዘኑን ዞረችው፣ ሳትራመድ።

ተዝካሬን አትደግሱ፣ ለነዳያን ስጡ፣ አለች። ሰጠን። ንፍሮዬ ባቄላና ስንዴ ይሁን፣ ጨው አይብዛበት፣ አለች። አልበዛበትም። ደረት አትምቱ፣ አለች። እጄን በእጄ ያዝኩት፤ ያዝኩት፤ ያዝኩት።

አንድ ቃል ቀረ። አንድ ብቻ።

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ከደጃፌ፣ የእድሬ ድንኳን ይተከል፣ አለች። ጡሩምባ ነፊው በማለዳ ይነሣ፤ ስሜን ይጥራ፤ ጎረቤቴ ይስማ።

የቱ ደጃፍ? የቱ ጎረቤት? ፈረሰ፣ በ2016፣ ዶሮ ማነቂያ። ጭቃው ግድግዳ ወረደ፣ ቆርቆሮው ወረደ፣ ቡና የምትወቅጥበት ደረጃ ወረደ። ሰዉም ተበተነ፤ አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ የት እንደደረሰ እንጃ። አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ቀዳዳውን በመርፌዋ የጣፈችው ድንኳን፣ የት ወደቃችሁ?

ጡሩምባ ሳይነፋላት ሄደች፣ የጡሩምባ ሰው። ለስንቱ ለቅሶ በሌሊት የተነሣች፣ የስንቱን እንጀራ የተሸከመች። መርዶዋ በስልክ ሆነ፤ በስልክ! ግማሹ መንገድ ላይ ሳለ አፈር ለበሰች።

አቡነ ጴጥሮስ ጋ ስደርስ እግሬ አልሄድ ይለኛል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጥይት የወደቁት አባት፤ መቃብራቸው የማይታወቅ አባት። ሐውልታቸው በ2005 ለባቡሩ ተነሣ፣ በ2008 ተመለሰ። ሐውልትስ ሄዶ ይመጣል። ታክሲው፣ ወያላው፣ መንገደኛው ቀኑን ሙሉ ስማቸውን ይጠራል፤ መቃብር ግን የላቸውም። እናቴ መቃብር አላት። ስሟን የሚጠራ ሰፈር ነው ያጣች።

አምራለች ፒያሳ፣ ይሉኛል። ትመር። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ይሉኛል። ይብራ። እኔ የምፈልገው ያንን ጠባብ መተላለፊያ ነው፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ የሚታከክበትን። እዚያ ነበር ስሟ የሚያስተጋባ። እዚያ ነበር በሩ ሁሉ የሚከፈት፣ በየበሩ ነጠላው ሁሉ የሚዘቀዘቅ፣ «ማን ነው? ማን አረፈ?» የሚባል።

ማን አረፈ የሚል አላገኘችም፣ እናቴ።

ሰሌኑን አገኘሁላት። ፍትሐቱን አገኘሁላት። አፈሩን፣ አፈሩንም አገኘሁላት። ሰፈሯን ከየት ላምጣላት? ሰፈሯን፣ ሰፈሯን ከየት ላምጣላት!