ስሟ የኛ፣ አገሯ ሌላ

አዲስ አበባ ውስጥ ካላ ሊሊ ያለችበትን ግቢ የገባ ሰው ቧንቧውን ይፈልግ። ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ፍሳሹ በሚያልፍበት ጭቃ፣ አጥሩ ጥግ ቆማ ያገኛታል። ፀሐይ የሚመታው የፊት ለፊት መደብ የጽጌረዳ ነው፤ እሷ የጓሮ ናት። ሠርግ ሲደርስ ግን መቀስ ይዞ ወደ ጓሮ የማይዞር የለም።

* * *

ችግኟን የገዛሁት ከመንገድ ዳር ነው። ሻጩ፣ «ጥላ ነው የምትወደው ጋሼ፤ ፀሐይ አያሳይዋት» አለኝ። አምኜው ከቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር ተከልኳት። ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥላው ንቅንቅ አላለም። ሚያዝያ ላይ የቅጠሏ ዳር ዳር ተለብልቦ ብራና መሰለ።

ለካ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በበጋ በደቡብ በኩል የምታልፈው የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ ጀምሮ አናታችንን ተሻግራ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ የምትመለሰው በነሐሴ ነው። ክረምቱን ደመና ይጋርዳታል፤ ሚያዝያና ግንቦት ግን ከልካይ የላትም። ስንት ዓመት በኖርኩበት ቤት፣ ጥላዬ በየትኛው ወር የት እንደሚውል አላውቅም ነበር። አሁን ካላዬ በምሥራቅ በኩል አቮካዶው ሥር ናት፤ የጠዋቱ ፀሐይ በቅጠሉ ተወንፍቶ ይደርሳታል። ድፍን ጨለማም አይሆናትም፤ ቅጠሏን ታንዠረግግና አበባውን ትነሳለች።

* * *

ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ካላ ኤቲዮፒካ» ብሎ መዘገባት። እኛን ማለቱ አልነበረም። በድሮ አውሮፓውያን አጠራር ኢትዮጵያ የሚለው ስም እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ይዘረጋ ነበር፤ የአበባዋም አገር እዚያው ደቡብ አፍሪካ ነው። በ1826 ጀርመናዊው ስፕሬንግል «ካላ»ን አንሥቶ «ዛንቴዴሺያ» አላት፤ «ኤቲዮፒካ»ን ግን አልነካም። ስለዚህ ካላ ሊሊ ዛሬ ካላም አይደለች፣ ከሊሊም ወገን አይደለች፣ ኢትዮጵያዊትም አይደለች። እንግዳ ሲመጣ «ስሟ እኮ በኛ ነው» እያልኩ መኩራቴን ግን አልተውኩም።

በትውልድ አገሯ ደግሞ የአሳማ ጆሮ ይሏታል። ሥሯን ጃርት ቆፍሮ ይበላዋል። እኛ ሙሽራ እናስይዛታለን።

* * *

ነጩ አበባ አይደለም። እንደ ነጠላ የተጠቀለለ ቅጠል ነው። አበቦቹ መሐል ላይ በቆመው ቢጫ ዘንግ የተደረደሩት ደቃቅ ፍሬ መሳዮች ናቸው፤ ከላይ ወንዶቹ፣ ከታች ሴቶቹ። የሚመሰገነው ነጠላው ነው፤ ለባሹን ዞር ብሎ ያየ የለም። የአበባው ጊዜ ሲያልፍ ነጠላው መልሶ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያኔ ቅጠል መሆኑ ይታወቅበታል።

* * *

የጎደሬ ዘመድ ናት። ጥሬ ጎደሬ የቀመሰ ሰው ምላሱ ምን እንደሆነ ያስታውስ፤ እሷም በቅጠልም በሥርም ያው መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ብናኝ አላት። አፍ ይለበልባል፣ ያሳብጣል። ችግኝ ሻጩ ስለ ፀሐይ አስጠነቀቀኝ፤ ግቢ ውስጥ ሕፃን ይኑር አይኑር አልጠየቀኝም።

* * *

ጎረቤቴ እማማ ማለዳ የቅጠሏ ጫፍ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ አይተው፣ «ታለቅሳለች» አሉ። ሌሊቱን በሥሯ የጠጣችው ሲተርፋት በጫፍ በኩል የምታወጣው ውሃ ነው። አልነገርኳቸውም። በፈረቃ በምናገኘው ውሃ፣ ተርፎት የሚያንጠባጥብ አለ ብዬ እንዴት ላስረዳቸው?

* * *

ወደ አቮካዶው ሥር ካዛወርኳት በኋላ በመጀመሪያው በጋ ቧንቧው ለሳምንታት ጠፋ። ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፣ ወደቀ፣ መደቡ ባዶ ቀረ። በቦታዋ ጎመን ልተክል ዶማ አነሣሁ። እማማ በአጥሩ በኩል፣ «ተው ልጄ! ተኝታ ነው እንጂ መች ሞተች» አሉኝ። በኬፕታውን በኩል ዝናቡ በቅዝቃዜው ወራት ይመጣና ሙቀቱ ሲገባ ምድሩ ይደርቃል፤ ያኔ ወደ ሥሯ ገብታ መተኛት የአገሯ ልማድ ነው። ውሃ ያልተለያት ግን ዓመቱን ሙሉ ትለመልማለች። እማማ ኬፕታውንን አያውቁም። በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ቡቃያዋ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ብቅ አለ።

ውሃ አብዝቶ የሰጣትን ደግሞ ትወርረዋለች፤ በምዕራብ አውስትራሊያ የወንዝ ዳር አረም ብለው ይነቅሏታል።

* * *

ዘንድሮ እማማ ከሥሯ ቆርጬ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ለባለቤታቸው መቃብር ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር፣ ሣር እንኳ በማይበቅልበት።

«እዚያ ማን ያጠጣታል እማማ?»

«ክረምቱ።»

ሁለት ቁራጭ ከነአፈሩ በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። አንዱን መለሱልኝ፤ ቦታው ለሁለት አይበቃም አሉ።