የጃካርታው ፖስታ

ኢንዶኔዥያውያን ገንዘብ ለሚቀበል ጋዜጠኛ ያወጡለት ስም ተቆጥሮ አያልቅም። ብር የሚታሸግበትን ፖስታ «አምፕሎፕ» ይሉታል፤ ቃሉ ከሆላንድ ቅኝ ገዢዎች የተረፈ ነው። ተቀባዩ ደግሞ «ዋርታዋን አምፕሎፕ»፣ የፖስታ ጋዜጠኛ፣ ይባላል። ጋዜጣ ሳይኖረው መታወቂያ አንጠልጥሎ ከስብሰባ ስብሰባ የሚዞረውን «ጋዜጣ አልባ ጋዜጠኛ» ይሉትና በሦስት ፊደል ያሳጥሩታል። እነዚያ ሦስት ፊደላት በአገሩ ሴተኛ አዳሪን ለመጥራት የሚያገለግሉት ራሳቸው ናቸው። ሌላም አላቸው፦ «ሙንታቤር»። ሲተነተን «ብቅ አለ፣ ዜና ግን የለውም» ማለት ሲሆን ቃሉ ግን የተቅማጥና ትውከት በሽታ ስም ነው። በራስ ምታት ኪኒን ስም የሚጠራም አለ። ሕዝቡ በጋዜጠኛው ምን ያህል እንደተማረረ ከዚህ በላይ ማስረጃ ያስፈልጋል?

ኢንዶኔዥያን አላየኋትም። አንድ ዲግሪ ያለኝ፣ በጽሑፍ ብዛት የሚከፈለኝ ፍሪላንሰር ነኝ። ሥራ በሌለበት ሳምንት የማደርገው ስለ ሙያችን የተጻፉ ጥናቶችን አውርዶ ማንበብ ነው። ሰሞኑን ወደ ጃካርታ የወሰደኝ አንዲት ጀማሪ ባልደረባዬ የወረወረችልኝ ጥያቄ ነው። «አዳራሽ ሄጄ ፈርሜ የትራንስፖርት ብር ብወስድ የምጽፈው ዜና ምኑ ይለወጣል? ያው ያንኑ ነው የምጽፈው» አለችኝ። የሥነ ምግባር መጽሐፍ ጠቅሼ ልመልስላት እችል ነበር። ግን እሷም አንብባዋለች፤ ደመወዟንም አውቀዋለሁ።

እዚህም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቴርዬ ሸርዳል ስለ ኢትዮጵያ የመንግሥት ሚዲያ ጋዜጠኞች የዶክትሬት ጥናቱን ሠርቷል፤ በአፍሪካ ስላለው የፖስታ ልማድም ጽፏል። የዓለም ጋዜጠኞችን ያጠናው ትልቁ ፕሮጀክትም ከ2012 እስከ 2016 በ67 አገሮች ከ27 ሺህ በላይ ጋዜጠኞችን ሲጠይቅ እኛም ኢንዶኔዥያም ውስጡ ነበርን። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላድክማችሁ።)

ኢንዶኔዥያን የመረጥኩት ግን ለሌላ ምክንያት ነው። ያ አገር አንድ ጥያቄ ተግባር ላይ ውሎ የታየበት ነው፦ ጋዜጠኛው ነፃ ቢወጣ ፖስታው ይቀራል ወይ?

መጀመሪያ ነፃ ያልነበሩበትን ዘመን እንይ። ሱሃርቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲገዛ ጋዜጣ ለማሳተም ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ነው። በየቀኑ ሳንሱር የሚያደርግ ሰው ዝግጅት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አላስፈለገውም። ስልክ በቂ ነበር። ከወታደሩ ወይም ከሚኒስቴሩ ይደወላል፦ «ይቺን ነገር ባታወጧት»። ተመራማሪዎቹ ይህን «የስልክ ባህል» ይሉታል። ደዋዩ ስሙን በወረቀት አያሰፍርም፣ ተደዋዩም ታዘዝኩ አይልም።

በዚህ ስልክ መሐል የተፈጠረ አንድ ድንቅ ቃል አለ። ኮምፓስ የሚባለው ትልቅ ጋዜጣ በ1978 ከሌሎች ጋር ታግዶ፣ ቃል ኪዳን ፈርሞ ነው የተመለሰው። ከዚያ በኋላ ያለውን አካሄዱን አንጋፋው ጋዜጠኛ ሮሲሃን አንዋር «የሸርጣን ጋዜጠኝነት» ብሎ ጠራው። ሸርጣን እግሩን ዘርግቶ መሬቱን ይነካካል፤ ከጠነከረለት ይራመዳል፣ ከከዳው ይመለሳል። ስድብ ነው ወይስ ምክር? አንዳንዱ ሰው እንደ ስድብ ወሰደው። እኔ እንደ ምክር የሚወስዱትን ባልደረቦች በስም ልቆጥርላችሁ እችላለሁ፤ አልቆጥርም እንጂ።

ሸርጣን መሆን የሰለቸው ቴምፖ ነበር። በ1971 ጉናዋን ሞሃማድና ጓደኞቹ የመሠረቱት ሳምንታዊ መጽሔት ነው። በሰኔ 1994 መንግሥት ከቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን 39 አሮጌ የጦር መርከቦች መግዛቱን፣ በዋጋውም ሚኒስትሮቹ እርስ በርስ መጣላታቸውን ጻፈ። የግዢው ባለቤት የምርምርና ቴክኖሎጂ ሚኒስትሩ ሀቢቢ ነበሩ። ሰኔ 21 ቀን ቴምፖ፣ ዴቲክና ኤዲተር የሚባሉ ሦስት ኅትመቶች ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ፈቃዱን የነጠቁት የማስታወቂያ ሚኒስትር ሃርሞኮ ራሳቸው ጋዜጠኛ የነበሩ፣ ጋዜጣ የመሠረቱ፣ የጋዜጠኞች ማኅበሩንም የመሩ ሰው ናቸው። እኒሁ ሰው በግንቦት 1998 አፈ ጉባኤ ሆነው ሱሃርቶ ሥልጣን ይልቀቁ ብለው በይፋ ጠየቁ። ሱሃርቶ ለቀቁ፤ ተተኪው ማን ሆነ? ሀቢቢ፣ የመርከቦቹ ሰውዬ። በመስከረም 1999 ፈቃድ የሚባለውን ነገር ያስቀረውን የፕሬስ ሕግ ቁጥር 40 የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። ቀጣዩ ፕሬዚዳንት አብዱራህማን ዋሂድ ደግሞ የማስታወቂያ ሚኒስቴሩን ራሱን አፈረሱት። ይህንን ልቦለድ አድርጌ ብጽፈው አርታኢው «በጣም ገጣጠምከው» ብሎ ይመልስልኝ ነበር።

ቴምፖ በጥቅምት 1998 ተመለሰ። እስከዚያው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጉናዋን ሚኒስትሩን ከሰሰ፤ በ1995 የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ፈረደለት፣ ይግባኝ ሰሚውም አጸናለት፣ በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። በዚያን ዘመን አንድ ዳኛ በሱሃርቶ ሚኒስትር ላይ መፍረዱ ብቻውን የመጽሐፍ ርዕስ ነው። አሜሪካዊቷ ጃኔት ስቲል ስለ ቴምፖ የጻፈችውን መጽሐፍ የወደድኩትም ጀግና ስለማትፈልግ ነው። መጽሔቱ ከባለሥልጣናትና ከነጋዴዎች ጋር የነበረውን መጠላለፍ አትደብቅም፤ በዚያ መጠላለፍ ውስጥ ሆኖ እንዴት መተንፈሻ እንዳገኘ ነው የምታሳየው።

ከእገዳው ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1994፣ ከቦጎር አቅራቢያ ሲርናጋሊህ በምትባል ቦታ ጋዜጠኞች ተሰብስበው በአገሩ ቋንቋ አጠራር አጂ የሚባለውን ነፃ የጋዜጠኞች ኅብረት መሠረቱ። መንግሥት የሚያውቀው ማኅበር አንድ ብቻ ስለነበር አጂ ሕገ ወጥ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አባላቱ ያለፈቃድ ባሳተሙት መጽሔት ምክንያት ታሰሩ። ቢሮው ውስጥ የሚላላክ ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅም አብሮ ገብቷል። ስለ ፕሬስ ነፃነት ስናወራ የአምደኞቹን ስም እንጠራለን፤ የተላላኪውን ልጅ ማንም አያነሳውም።

እንግዲህ ነፃነቱ መጣ። በየከተማው ጋዜጣ እንደ እንጉዳይ ፈላ። ፖስታውስ?

አልቀረም። ጀርመናዊው ቶማስ ሃኒች በ2001፣ ማለትም ሱሃርቶ ከወደቁ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ 385 የኢንዶኔዥያ ጋዜጠኞችን ጠይቆ ነበር። ባጠቃላይ ወጣቶችና የተማሩ ናቸው። ራሳቸውን የሚያዩት ግን ዜናን በገለልተኝነትና በትክክል እንደሚያደርስ ሰው እንጂ ባለሥልጣንን እንደሚጠብቅ ዘበኛ አይደለም። የጽሑፉ ርዕስ ራሱ የተማሩ ግን ፈሪ ዘበኞች ይላቸዋል። ይህ ውጤት ለብዙ ቀን ሲከነክነኝ ቆየ። ፈቃድ የለ፣ ሚኒስቴር የለ፣ ስልክ የሚደውል የለ፤ ታዲያ ፍርሃቱ ከየት መጣ? የእኔ ግምት (የሃኒች አይደለም) ይህ ነው፦ ሸርጣን ሆኖ ያደገ ዝግጅት ክፍል መሬቱ ቢጠነክርም አካሄዱን አይረሳውም። በዚያ ላይ ፍርሃቱን የሚተካ ገቢ ካገኘ ለምን ይለውጠው?

ፖስታው ደግሞ ቅርጹን ለወጠ። የክልል መስተዳድሮች «ከሚዲያ ጋር ትብብር» የሚባል በጀት ይይዛሉ፤ ገንዘቡ ለጋዜጠኛው ኪስ ሳይሆን ለድርጅቱ በማስታወቂያና በተከፈለበት ዘገባ መልክ ይሄዳል። ኢድ አልፈጥር ሲቃረብ ደግሞ «ጋዜጠኛ ነን» ባዮች በየመሥሪያ ቤቱ የበዓል ጉርሻ ይጠይቃሉ። የአገሩ የፕሬስ ምክር ቤት በረመዳን ለባለሥልጣናትና ለኩባንያዎች «የበዓል ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ጋዜጠኛ እምቢ በሉ» የሚል ደብዳቤ ሲበትን ዓመታት አልፈዋል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቁ ቀዘቀዘብኝ። ደብዳቤው በየዓመቱ መውጣቱ ባለፈው ዓመት እንዳልሠራ ይናገራል።

የባልደረባዬን ጥያቄ የመለሰልኝ ይሄ ነው። እውነቷን ነው፣ የትራንስፖርት ብሩ ዜናዋን ላይለውጠው ይችላል። አንድም ቃል ላትጨምር፣ ላትቀንስ ትችላለች። የሚለወጠው ግን ከመጻፏ በፊት ያለው ነገር ነው። ፖስታ ማዘጋጀት የሚችለው ማን ነው? አዳራሽ የሚከራየው፣ ሻይ ቡና የሚያቀርበው፣ ባነር የሚሰቅለው ነው። ቀበሌው ውኃ ያቋረጠበት ሰፈር ፖስታ የለውም። የተባረሩ የፋብሪካ ሠራተኞች መፈረሚያ ወረቀት ይዘው በር ላይ አይቆሙም። ሪፖርተሯ ሐሙስ ጠዋት ሁለት አማራጭ ሲኖራት፣ አንዱ የሳምንት ታክሲዋን ሲሸፍንላት ሌላው ከኪሷ ሲያስወጣት፣ የትኛው ዜና እንደሚሆን አስቀድሞ ተወስኗል። ማንም ምንም አልዋሸም። የሐሙሱ ጋዜጣ ግን አዳራሽ መከራየት በሚችሉ ሰዎች ንግግር ተሞልቷል፦ «ገለጹ»፣ «አሳሰቡ»፣ «ጥሪ አቀረቡ»።

አጂዎች ይህን ቀድመው የገባቸው ይመስለኛል። ከመነሻው አባሎቻቸው ፖስታ እንዳይቀበሉ ከልክለዋል። ክልከላ ብቻ ቢሆን ግን እንደማንኛውም የሥነ ምግባር ደንብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀር ነበር። እነሱ ሌላም ሠሩ፦ ጃካርታ ውስጥ አንድ ሪፖርተር ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ተጓጉዞ፣ ላፕቶፑን አስጠግኖ ለመኖር በወር ስንት እንደሚያስፈልገው ዕቃ በዕቃ ዘርዝረው አሰሉ። ስሌቱን እያደሱ ያወጣሉ፤ ከሚዲያ ድርጅቶቹ ደመወዝ ጋርም ያስተያዩታል። ፖስታውን የሪፖርተሯ ኃጢአት ብቻ አድርገው አልተዉትም፤ ባለቤቱ ያልከፈለው ደመወዝ መሆኑንም አሳዩ። ሰው አንጀቱን አስሮ ንጹሕ ይሁን ማለት ቀላል ነው። የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የወር ደመወዝ አለው።

እኔ ፖስታ የማልቀበለው ሰማዕት ስለሆንኩ አይደለም። አልፎ አልፎ የምጽፍለት የውጭ ሚዲያ ውሉ ላይ ከልክሏል፤ ክፍያውም ያኖራል። ባለፈው ዓመት ግን አንድ የአገር ውስጥ ድርጅት የሦስት ጽሑፍ ክፍያዬን ስምንት ወር አቆይቶብኛል። በስምንተኛው ወር ገንዘቡ ሲገባ ዋጋው ግማሽ ሆኗል፤ ዘይት የሚገዛ ያውቀዋል። ለእሱ ብቻ የምጽፍ ብሆን ኖሮ መፈረሚያው ወረቀት በመጣ ቁጥር በምን አቅም ነበር እጄን የምሰበስበው?

እምቢ ያሉትን ሰዎች ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በዮግያካርታ በርናስ የሚባል ጋዜጣ ሪፖርተር ነበር፣ ኡዲን ይሉታል። በባንቱል ወረዳ አስተዳደር ያለውን ሙስና ይጽፍ ነበር። በነሐሴ 1996 ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰዎች መትተውት ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ፖሊስ ገዳይ ብሎ ያቀረበውን ሰው ፍርድ ቤት ነፃ አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ የተቀጣ የለም። አጂ በስሙ ሽልማት ይሰጣል። በመጋቢት 2025 ደግሞ ለቴምፖ ቢሮ ጆሮው የተቆረጠ የአሳማ ጭንቅላት በካርቶን ታሽጎ ተላከ፤ ከቀናት በኋላ አንገታቸው የተቀላ አይጦች ተከተሉ። አገሩ የፕሬስ ሕጉን ካወጣ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልሞክር ነው። የአጂን ስሌት ለአዲስ አበባ ልሠራው እፈልጋለሁ፤ የቤት ኪራይ፣ ታክሲ፣ ኢንተርኔት፣ ምሳ። የጎደለኝ የገቢው በኩል ነው። በዚህ ቻናል ያላችሁ ሪፖርተሮችና ፍሪላንሰሮች ለአንድ ጽሑፍ ወይም በወር ስንት እንደሚከፈላችሁ፣ ክፍያው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚደርሳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የእናንተም የድርጅታችሁም ስም አያስፈልገኝም። ከተማውንና የሥራ ዘመናችሁን ብቻ ጨምሩበት። ሠላሳ ሰው ከሞላልኝ ሰንጠረዡን እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ካልሞላም ስንት ሰው እንደጻፈልኝ እነግራችኋለሁ።