ማን አየ? ማንስ ሰማ?

አንድ ታማሚ ከሞት አፋፍ ሲመለስ ምስጋናው በአብዛኛው የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነው። ቤተሰብ «ዶክተሩ አዳነልን» ይላል፤ ጎረቤትም ይኸንኑ ተቀብሎ ያወራል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ግን ነው። የተውኔት ተመልካች በመድረክ ላይ ለቆመው ተዋናይ ሲያጨበጭብ ከመጋረጃው ጀርባ መብራት የያዘውን እንደማያስታውስ ሁሉ፣ በሆስፒታልም ሌሊቱን ሲሠሩ ያደሩ ብዙ እጆች ሳይታወቁ ይነጋል።

በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያለፈ አንድ ሌሊት ይኸንኑ ያስረዳል። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ አዛውንት አመሻሹ ላይ በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። የሚናገሩት ስለ ማዞርና ስለ ድካም ብቻ ነበር። የደም ግፊታቸው ሲለካ 110 በ70 ሆነ። ክፍሉ በአደጋ ቁስለኞች ተጨናንቆ ነበርና ተረኛው ሐኪም «ግፊታቸው ደኅና ነው፤ ትንሽ ይጠብቁ» ብሎ ወደ ሌላው አልጋ አለፈ።

ነርሷ ግን የልብ ምታቸውን ቆጥራ ነበር፤ በደቂቃ 118። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማ ብትቆጥር 126 ደረሰ። ሰው ደም ሲያጣ ሰውነቱ ጉድለቱን ለመሸፈን አስቀድሞ ልብን ያስሮጣል፤ የእጅና የእግር ደም ሥሮችንም ያጠባል። ግፊቱ የሚወድቀው ይኸ መከላከያ ሲሸነፍ ነው። ስለዚህ ደኅና መስሎ የሚታይ ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ያዘናጋል። ነርሷ ይኸን ጠንቅቃ ታውቃለች። ነገሩን ለሐኪሙ አንድ ጊዜ ነግራው «አይቻለሁ» የሚል መልስ አግኝታለችና ደግሞ መጥራቱ ድፍረት እንዳይመስልባት ፈራች።

በዚህ መካከል ፖፖውን ልትደፋ የወጣችው የጽዳት ሠራተኛ ተመለሰች። ወደ ነርሷ ጠጋ ብላም «ሲስተር፣ የአባባ ሰገራ እኮ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል» አለቻት። አዛውንቱ ነውር መስሏቸው ለማንም ሳይናገሩ የደበቁት ይኸንኑ ነበር። እንዲህ ያለው ሰገራ ብዙውን ጊዜ ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ የፈሰሰ ደም በመንገድ ላይ ተለውጦ የሚወጣበት ምልክት ነው። ነርሷ ከዚህ በኋላ አላመነታችም።

«ዶክተር፣ ምታቸው 126 ደርሷል፤ ሰገራቸውም ጥቁር ነው። እየደሙ ነው፤ አሁኑኑ ይምጡልኝ።»

ሐኪሙ ክብሩን አላስቀደመም፤ መጣ። ከዚያ ወዲያ የሆነው የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። አዛውንቱ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ሲያስመልሱ ነርሷ ትንታ እንዳያፍናቸው በጎናቸው አስተኛቻቸው። ሐኪሙ በሁለቱም ክንዶቻቸው ሰፋፊ መርፌ ተክሎ ፈሳሽ ጀመረ። ከፋርማሲ አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት መጣ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ሄሞግሎቢናቸው 6.4 ግራም መሆኑን በስልክ አሳወቀ፤ የደም ዓይነታቸውን ለይቶም ከሚሰጣቸው ደም ጋር መስማማቱን መረመረ። እዚህ ላይ መቸኮል አይፈቀድም፤ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት አንድ የናሙና ቱቦ የሚያድነውን ደም ገዳይ ሊያደርገው ይችላልና። ነርሷና ሐኪሙ የከረጢቱን ቁጥርና የታማሚውን ስም ለሁለት ጮክ ብለው አነበቡ። ደሙን የለገሰው ሰው በዚያ ሰዓት የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሥራውን ከሁሉ አስቀድሞ የጀመረው ግን እርሱ ነበር።

ከቤቱ የተጠራው የኢንዶስኮፒ ሐኪም ደርሶ ወዲያው አልጀመረም። ታማሚው ሳይረጋጋ መሣሪያውን ወደ ጨጓራ መስደድ የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የሆንግ ኮንግ ጥናትም ምርመራውን በ6 ሰዓት ውስጥ ማድረግ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ከማድረግ ይልቅ ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ማለዳ ላይ አዛውንቱ ሲረጋጉ የሚደማው ቁስል ታየ፤ ሐኪሙም አድሬናሊን ወግቶ በትንሽ የብረት መቆንጠጫ ሥሩን ዘጋው። አዛውንቱ ለጉልበታቸው ሕመም ለወራት ዲክሎፌናክ ሲውጡ ነበር፤ በምርመራም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘባቸው።

የዚህ ባክቴሪያ ታሪክ ራሱ ስለ መስማት ያስተምራል። አውስትራሊያዊው የፓቶሎጂ ሐኪም ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1979 በፐርዝ ከተማ ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ ባየ ጊዜ፣ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ተህዋሲያን አይኖሩም የሚለው እምነት ጽኑ ስለነበር ብዙዎች አላመኑትም። በ1981 ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል ሰማው፤ ተባበረውም። በ1982 ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አራቡት፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። የሚያይ ብቻ ሳይሆን የሚሰማም ያስፈልግ ነበር።

አዛውንቱ ወደ ቤታቸው በሚመለሱበት ቀን ልጃቸው የሐኪሙን እጅ ይዞ «አባቴን አዳኑልኝ» አለ። ሐኪሙም «መጀመሪያ ያየችው እርሷ ናት» ብሎ ወደ ኮሪደሩ አመለከተ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ ወለሉን ትወለውል ነበር።

የሥራ ክፍፍል ሰዎችን በማዕረግ ይለያል፤ እውነት ግን በማዕረግ ተራ አትመጣም። አንዳንዴ ፖፖ ከሚደፉት እጆች ዘንድ ትገኛለች። በሆስፒታልም ሆነ በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በመድረክ፣ ከሥር የሚመጣውን ድምፅ ለመስማት የተዘጋጀ ጆሮ ከሌለ፣ የብዙ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰብ ብቻውን ኅብረት አይሆንም።