ዛንዚባር ሄጄ ያላየሁት

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኳቸውን ፎቶዎች አይታችሁ «ቲቸር ዘነጥክ!»፣ «ቲቸር ለካ ብር አለህ!» ያላችሁኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ብሩ የእኔ አይደለም። ትኬቱንም ጀልባውንም የቻለችው ዳሬሰላም የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት። ፎቶዎቹም አልዋሹም፣ ባሕሩ እውነትም እንደዛ ነው። «ጉብኝቱ እንዴት ነበር?» ላላችሁኝ ግን መልሱ ኮሜንት ላይ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

ያስተማርኳችሁ ታውቃላችሁ፣ የምሥራቅ አፍሪካ የባሪያ ንግድ ላይ ስንደርስ ዛንዚባርን በጠመኔ አንዲት ነጥብ አድርጌ ነው ሰሌዳ ላይ የማስቀምጣት። ያቺን ነጥብ በእግሬ ልረግጣት ነበር የሄድኩት። ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። በ1873 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዛንዚባርን የባሪያ ገበያ የዘጋው ሱልጣን ባርጋሽ እናቱ ሐበሻ ነበረች። ተገዝታ ባሕር ተሻግራ የሱልጣን ሰይድ ቁባት የሆነች ሴት! ባርጋሽ ውሉን የፈረመው ለእናቱ አዝኖ አይደለም፣ እንግሊዞች አንገቱን ይዘውት ነው። ቢሆንም የአንዲት ሐበሻ ባሪያ ልጅ በገዛ ማኅተሙ ያንን ገበያ ዘጋ። ይሄን ታሪክ ቦታው ላይ ቆሜ ከአገሩ ሰው አፍ መስማት ፈልጌ ነበር።

እህቴ በነፍስ ወከፍ 60 ዶላር ከፍላ የአንድ ቀን ጉብኝት ያዘችልን። የቅመም እርሻ፣ ስቶን ታውን፣ የእስረኞች ደሴት፣ ሁሉም በአንድ ቀን። ወደ ብር ልቀይረው ስልኬን አወጣሁና ለጤናዬ ስል መልሼ ከተትኩት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሚኒባሱ መጣ። በነገራችን ላይ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፣ ሁለት ሰዓት ሲሉ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። ሾፌሩና አስጎብኚው በሰዓት ሲጨቃጨቁ ከተሳፋሪው ውስጥ የገባን እኔና እህቴ ብቻ ነበርን።

የቅመሙ እርሻ ላይ አስጎብኚው ቅጠል እየቀነጠሰ «ይሄ ምንድን ነው? ገምቱ!» ይላል። ፈረንጆቹ እያሸተቱ ይጨነቃሉ። እኛ ምን እንገምታለን? እርድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብል። እህቴ ጆሮዬ ላይ «ይሄን ለማሽተት ነው ባሕር የተሻገርነው? የእማዬ ጓዳ ምን አነሰው?» አለችኝ። አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ብቻ ተማርኩ፦ «ካራፉ» ሲሉ ቀረፋ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ቅርንፉድ ነው። ከዚያ አንድ ወጣት እየዘፈነ ኮኮናት ዛፍ ላይ ወጣ፣ ሌላው ከዘንባባ ቅጠል ኮፍያና ክራባት ሠርቶ አለበሰን፣ ቀጥሎ የጉርሻው ሳህን መጣ። ከሳህኑ ቀጥሎ ሱቁ።

የቆጨኝ ጉርሻው አይደለም፣ ልጆቹ ሠርተው ነው የሚበሉት። የቆጨኝ የቅርንፉዱ ዛፍ ነው። ያ ዛፍ እኮ የታሪኩ መሐል ነው! ዛንዚባርን ሀብታም ያደረጋት ቅርንፉድ ነው፣ ተክሎ ያረመውና የለቀመው ደግሞ ባሪያው። ገበያው በ1873 ተዘጋ ስንል ባሪያው በማግስቱ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። ባርነት በሕግ የቀረው በ1897 ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት እርሻው ላይ የነበረው ሰው እዚያው እርሻው ላይ ነበር። ሰውየው ዛፉ ሥር አቁሞን የነገረን ግን ቅርንፉድ ለጥርስ ሕመም ጥሩ መሆኑን ነው።

ስቶን ታውን ገባን። ፍሬዲ መርኩሪ በ1946 የተወለደው እዚች ከተማ ስለሆነ ስሙን የያዘው ቤት በር ላይ ሃያ ደቂቃ ፎቶ ተነሣን። ባርጋሽ በ1883 ያሠራውን «የድንቆች ቤት» በውጭ በኩል አየን፣ በ2020 ከፊሉ ተደርምሷል። አጋጣሚውን ተጠቅሜ «የዚህ ሱልጣን እናት ኢትዮጵያዊት ናት ይባላል፣ እውነት ነው?» አልኩት። ፊቱ በራ። «ኢትዮጵያ! ቆንጆ ሴቶች!» አለና ወደ እህቴ ዞሮ ሳቀ። እህቴ አልሳቀችም።

የባሪያው ገበያ ቦታ ላይ አሁን የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። መሠዊያው ያረፈው ባሮች የሚገረፉበት ግንድ የነበረበት ቦታ ላይ ነው ይባላል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ አምስት የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል። ከላይ ሆነህ ስታያቸው ቀና ብለው አያዩህም። ብዙ መቆም ፈልጌ ነበር። «አምስት ደቂቃ!» ተባለ። በዚያችው ሰዓት ወደ አንድ ዝቅ ያለ ምድር ቤት አስገብቶ «ባሮች እዚህ ይታጎሩ ነበር» አለን። ሕንፃው ገበያው ከተዘጋ በኋላ ሚሲዮኖች የሠሩት ስለሆነ ይሄን ነገር የሚጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። ተነባቢው ኤግዚቢሽን ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፣ በሩን አልፈን ሄድን። ካቴድራሉ በጠቅላላው ሩብ ሰዓት ወሰደ። ቀጥሎ የገባንበት የሥዕልና የጨርቅ ሱቅ ሃምሳ ደቂቃ! ሰዓቴን እያየሁ ነው የምላችሁ።

ከሰዓት በጀልባ ወደ እስረኞች ደሴት። በ1890ዎቹ እስር ቤት ተብሎ ተሠርቶ እስረኛ ያልገባበት፣ በምትኩ በሽተኞች የሚገለሉበት ቦታ ነው። አሁን ከሲሸልስ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች ይኖሩበታል፣ ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። ኤሊዎቹን ወደድኳቸው፣ የማይቸኩሉት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ስንመለስ አስጎብኚው ጀልባው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ «ምዋሊሙ» ይለኝ ጀመር፣ በነሱ ቋንቋ መምህር ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት ወዳጆቼ፣ ሰውየው ሁሉንም ያውቃል! ስለ ባርጋሽ እናት ያውቃል፣ 1897ን ያውቃል፣ የቅርንፉድ ለቃሚውን ኑሮ ያውቃል። «ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» አልኩት። «ምዋሊሙ፣ ሰው ለዕረፍት ነው የሚመጣው። ስለ ባሪያ ካበዛሁ ጉርሻ የለም። ሱቅ ካላስገባኋችሁ ደግሞ ኮሚሽን የለም። ድርጅቱ የሚሰጠኝ የትራንስፖርቴን ነው» አለኝ። ሱልጣኑ ስለወደቀበትና በሺዎች ስላለቁበት ስለ 1964ቱ አብዮት ስጠይቀው ግን ወደ ባሕሩ ዞረና «ሞተሩ ይጮኻል፣ አይሰማም» አለ። ሞተሩ እንደ ቅድሙ ነበር።

በእሱ አልፈርድም፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የምፈርደው ዕውቀት ያለውን ሰው ቀጥሮ ዝም እንዲል በሚከፍለው አሠራር ላይ ነው። እህቴ 120 ዶላር የከፈለችው የዚያን ሰው ጭንቅላት ለመስማት ነበር። የሰማነው ወደብ ልንደርስ ስንል ለአሥር ደቂቃ፣ ያውም በነፃ።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ካቴድራሉ ጋ በራሳችሁ ሂዱ፣ በጠዋት፣ ኤግዚቢሽኑን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ቅመም አትግዙ፣ ጓዳችሁ አለ። አስጎብኚ ከያዛችሁ ከመነሻው «ሱቅ አንገባም፣ የኮሚሽኑን እኛ እንሰጥሃለን» በሉት። በሚቀጥለው እኛም እንደዛ ነው የምናደርገው፣ እህቴ ከአሁኑ ምላለች።

ስለ ባርጋሽ እናት ያነበብኩት የግማሽ እህቱ የልዕልት ሳልሜ ማስታወሻ ላይ ነው። ከአንድ ጀርመናዊ ነጋዴ ጋር በፍቅር ወድቃ ደሴቷን ጥላ ወጥታ በ1886 ጀርመን አገር ያሳተመችው መጽሐፍ ነው። የድሮው የእንግሊዝኛ ትርጉም ስልኬ ላይ አለ፣ የቅጂ መብቱ ያለፈበት ስለሆነ ለፈለገ እልካለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ኔትወርክ ሲኖር ማታ ማታ እመልሳለሁ።