በር ላይ ከፍሎ የሚገባበት መንደር

መንደር ለመግባት ቲኬት ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? ሙዚየም አላልኩም፤ ሰው የሚኖርበት፣ ልብስ የሚሰጣበት መንደር። ከሮም በስተሰሜን፣ አምባ ላይ ቁጢጥ ያለች ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ የምትባል አለች። መግቢያዋ አምስት ዩሮ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባት ሰዎች ግን አንድ ገበታ ቢከቡ የሚበቃቸው ይመስለኛል።

ኤትሩስካውያን የሚባሉት የአካባቢው የጥንት ሰዎች ከ2,500 ዓመት በፊት ሲቆረቁሯት ሞኝነት አልነበረም። ዙሪያዋ ገደል ነውና ጠላት እንዲህ በዋዛ አይወጣባትም። ጠላቷ ከእግሯ ሥር መሆኑን ማን ያስብ? ቤቶቹ የቆሙት እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው፤ ከድንጋዩ በታች ያለው ደግሞ ሸክላ አፈር። ዝናቡና ግራ ቀኝ ያሉት ጅረቶች ሸክላውን ይሸረሽሩታል፣ ድንጋዩም ከጠርዝ ጠርዙ እንደ ወላለቀ ጥርስ ይረግፋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ የተወለደው፣ በፓሪስ ያስተማረውና ካርዲናል የሆነው ቅዱስ ቦናቬንቱራ እንኳ ከዚህ አላመለጠም፤ የተወለደበት ቤት አብዛኛው ገደል ገብቷል።

እ.ኤ.አ. በ1695 የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። ከዚያ በኋላ ጳጳሱም ሹማምንቱም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጎረቤት ባኞሬጆ ተሻገሩ። ባለሥልጣን የሸሸውን ቦታ ሕዝቡ ለምን ይጠብቀው? እሱም ቀስ በቀስ ተከተለ። ቺቪታን ከጎረቤቷ የሚያገናኘው መሬትም እየተናደ ሄዶ፣ ዛሬ መንገዷ በ1965 የተሠራ የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው። መኪና የለም። ዱሮ ጭነቱ የአህያ ነበር፤ አሁን ግን አህዮች ዋነኛ ሥራቸው እሽቅድምድም ነው፣ በዓመት ሁለቴ አደባባዩን ይዞራሉ። ጡረታ ማለት ይሄ ነው።

የሚገርመኝ ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። ሰው ያባረራት ያው ገደል፣ ያው መናድ፣ አሁን ሰው ይጠራላታል። «የምትሞተው ከተማ» የሚለው ቅጽል ስሟ ከሩቅ አገር ፎቶ አንሺውን ሁሉ እየሳበ፣ በ2013 ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ዩሮ ተኩል ማስከፈል ጀመረ፤ ዋጋው ከዚያ ወዲህ ወጣ። ጎብኚው በመቶ ሺዎች ሲቆጠር ካዝናው ሞላና ባኞሬጆ ነዋሪዎቿን ከማዘጋጃ ቤት ግብር ገላገለቻቸው። እንግዲህ ቀድመው ሸሽተው የተሻገሩት ናቸው ያተረፉት!