ጋዜጣ የለበሰ ቤት

ስኔልቪል፣ ጆርጂያ
ነሐሴ 18 ቀን

ውድ ወንድሜ ሰለሞን፣

የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነላት? እናንተ ጋቢ ተከናንባችሁ የበቆሎ እሸት ስትጠብሱ እኔ እዚህ በላብ ተነክሬያለሁ። የድሬዳዋ ዓይነት ሙቀት ቢሆን ባልተማረርኩ፤ የጆርጂያው ግን እርጥብ ነው፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት እንፋሎት ፊት ላይ ይለጠፋል። ስለ አትላንታ ፎቆች እንድጽፍልህ ትጠብቅ ይሆናል። የምጽፍልህ ግን ስለ እህታችን ስለ አልማዝ ኮርኒስ ነው።

ነገሩን ያመጣው ቢል ነው። በመጣሁ በሳምንቱ የመብራት ቢል ደረሰ፤ 347 ዶላር። አልማዝ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችና ቤተሰቡን አንድ በአንድ መውቀስ ጀመረች። ልጆቹ መብራት አያጠፉም፤ ባሏ ጋሽ ተፈራ ቴሌቪዥን ከፍቶ ይተኛል፤ እኔም ስልኬን ሌሊቱን ሙሉ እሰካለሁ። ከሁሉም የባሰ የተኮነነው ምጣዱ ነው። ምስኪን ምጣድ! የሚሰካው በሳምንት አንዴ፣ ለሁለት ሰዓት ነው። ቀንና ሌሊት የሚያጓራውን ኤሲ ግን ቀና ብሎ ያየው የለም።

ከዚያ በፊት አንድ የመስኮት ነጋዴ መጥቶ «ችግራችሁ መስኮቱ ነው» ብሎ 14 ሺህ ዶላር ጠይቋቸው፣ ሊፈርሙ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ደግነቱ አልማዝ ጋ የምትሠራ ሴት «መጀመሪያ ኢኤምሲ ደውዪ፣ ቤቱን የሚያይ ሰው ይልኩልሻል» አለቻት። ኢኤምሲ የሚሉት የአካባቢውን የመብራት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። መብራቱን የሚሸጥላት ራሱ ነው። «ትንሽ ግዙኝ» ብሎ ሰው የሚልክ ነጋዴ አይቼ ስለማላውቅ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አላመንኩም።

ሰውየው ማክሰኞ ጠዋት መጣ። በጋዝ የሚሠራውን የውሃ ማሞቂያ አጠፋ፤ መስኮቱን ሁሉ አስዘጋን፤ ከዚያ የፊት በሩን ከፍቶ ክፈፉ ላይ ቀይ ሸራ ወጠረና ሸራው ላይ ትልቅ ፋን ገጠመ። ፋኑ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባል፤ በውስጥና በውጭ መካከል 50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ሲፈጠር የውጭው አየር በየቀዳዳው ተሽቀዳድሞ ይገባል። ሰውየው ቀዳዳ የሚፈልግበት፣ ጭስ የሚተፋ እስክሪብቶ የመሰለ ነገር ይዟል። አልማዝ አይታው «ይሄማ እኛም ቤት አለ» አለችና ማጨሻዋን ከነእጣኑ ይዛ ከች። ሳቀ፤ ግን አልከለከላትም።

ሳሎን ያለው ሶኬት አጠገብ ስትቆም፣ ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ ድንገት ወደ ፊቷ ታጠፈ። ከግድግዳ ሶኬት ውስጥ ንፋስ! የወጥ ቤቱ ቧንቧ ግድግዳውን በስቶ በሚገባበትም እንደዚያው። መስኮቶቹ ጋ ግን ጭሱ ብዙም ንቅንቅ አላለም። አልማዝ ወደ ጋሽ ተፈራ ዞራ «አሥራ አራት ሺህ!» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ኮሪደሩ ላይ ካለችው የአቲክ ክዳን ስር ስንደርስ ጭሱ ተገፍትሮ እንደወደቀ ሰው ወደ ታች ተደፋ።

አቲክ የሚሉት በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለውን ቦታ ነው። ሰውየውን ተከትዬ ወጣሁ። ሙቀቱ በእኛ አለካክ 52 ዲግሪ ነበር፤ እንጀራ ባይበስል እንኳ ሊጥ ኩፍ ይላል። ባትሪውን ወደ ጥግ ሲያበራ፣ ኤሲው ቀዝቃዛ አየር የሚያስተላልፍበት ወፍራም ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ወድቋል። እጄን ሳስጠጋ በረደኝ። ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ አልማዝ እየከፈለች የምታቀዘቅዘው አቲኩን ኖሯል! መጋጠሚያው የሚታሸገው ማስቲክ በሚባል ሊጥ መሰል ነገር ነው፤ ሁሉም ሰው የሚለጥፈው ግራጫ ፕላስተር እዚህ ሙቀት ውስጥ አይበረክትም አለኝ። ሙቀት የሚከላከለው ኢንሱሌሽንም ግማሽ ስንዝር አይሞላም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሠራተኞች መጡ። ቱቦውን ገጠሙ፣ ቀዳዳውን ደፈኑ፣ ከዚያ በረጅም ጎማ ኢንሱሌሽን ነፉበት። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋዜጣ! አሮጌ ጋዜጣ ተፈጭቶ፣ በቀላሉ እሳት እንዳይዘው ቦሬት የሚባል ማዕድን ተቀላቅሎበት፣ ስንዝር ተኩል እስኪሆን ተቆለለ። የአያታችን የደብረ ብርሃን ቤት ድቅን አለብኝ። ግድግዳው ላይ በሊጥ የተለጠፈውን አዲስ ዘመን፣ ተጋድመን ፊደል የቆጠርንበትን፣ ታስታውሳለህ? ከላይ ደግሞ የአቡጀዴው ኮርኒስ። እኛ በድህነት ነው ብለን እናፍር ነበር። አያታችን ግን ብርዱ በየት እንደሚገባ ያለ ፋንና ያለ ፓስካል ታውቅ ነበር።

ከወጪው ጥቂቱን ማኅበሩ ቻለ፤ የቀረውን በአነስተኛ ወለድ አበድሮ በየወሩ ከቢሉ ጋር ይቀበላል። ጎረቤት ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ እንዲህ ያሉ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2011 በጀመሩት ሙከራ 125 ቤቶችን በዚህ መንገድ አድሰው፣ የቤቶቹ የኃይል ፍጆታ በአማካይ 34 በመቶ ቀንሷል።

ሻጭ ለምን ሽያጩን ይቀንሳል? ሰውየውን ጠየቅኩት። የማኅበሩ ባለቤት እሷው ናት አለኝ፤ አልማዝን እያሳየኝ። ደንበኛው ሁሉ አባል ነው፤ ቦርዱን ይመርጣል፤ ትርፍ ሲኖር በስሙ ይመዘገብለትና ውሎ አድሮ ይመለስለታል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ኤሲው ሁሉ ባንድ ላይ ሲጮህ ደግሞ ማኅበሩ የሚያገኘው ኃይል እጅግ ውድ ነው፤ ያ ውድነት ተመልሶ የሚወድቀው አባላቱ ላይ ነው። የጆርጂያ ማኅበራት ኃይል የሚያመነጭላቸውን ኦግልቶርፕ ፓወርን እ.ኤ.አ. በ1974 አብረው አቋቁመዋል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ተከር ነው፣ የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ክላርክስተን አጠገብ። እድር በለው፤ ድንኳን በመትከል ፋንታ ፖል ይተክላል።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ተፈራ የእነዚህን ማኅበራት መነሻ ሊያሳየን ዋርም ስፕሪንግስ ወሰደን፤ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ስሙ ፍልውሃ እንደማለት ነው፤ ውሃው ግን 31 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለብ ያለ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፖሊዮ እግራቸውን ካሰራቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 ለጠበል መጥተው ወደዱት። እዚህ ጎጆ ሲይዙ የመጣላቸው የመብራት ሂሳብ በኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም ነበር፤ ኒውዮርክ ቤታቸው ከሚከፍሉት አራት እጥፍ ገደማ። ገጠሩን መብራት የማስገባት ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ቢል ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ1938 ባርንስቪል ላይ ራሳቸው ተናግረዋል። የገጠር መብራት አስተዳደርን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ያኔ ከአሥር የአሜሪካ ገበሬ ዘጠኙ ያህል በኩራዝ ነበር የሚያመሸው። እዚሁ ዋርም ስፕሪንግስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 አረፉ፤ ጃንሆይን ግብፅ ውስጥ መርከብ ላይ ካነጋገሩ ሁለት ወር በኋላ። አልማዝ ይህን ሁሉ ሰምታ «እሳቸውም እንደኔ ቢል ሲያዩ ነው የነቁት» አለች።

አዲሱ ቢል ገና አልመጣም። ኤሲው ግን አሁን መሃል መሃሉን ያርፋል፤ ሲያርፍ የልጆቹ ወሬ ከላይ ቤት ይሰማል።

መስከረም አጋማሽ ላይ እመለሳለሁ። የእማዬ መኝታ ቤት በር ስር ንፋስ እንደሚገባ ታውቃለህ፤ ለጉልበቷም ጠንቁ እሱ ይመስለኛል። ሁለት ጥቅል የበር ላስቲክ ገዝቻለሁ። የበሩን ወርድና ቁመት በሜትር ለካና ላክልኝ፤ ከስሩ ያለውን ክፍተትም ጭምር።

ወንድምህ