ልዋጭ በዙሪክ! ሰንጢ በሰንጢ የሚለዋወጡ ሰዎች ገበያ

መቼም አዲስ አበባ ኖሮ «ልዋጭ!» የሚለውን ጥሪ የማያውቅ የለም። እናቶቻችን ያረጀ ሱሪና ጫማ አውጥተው ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይቀበላሉ። ክርክሩ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን «ሸወድኩት» እያለ በሆዱ እየሳቀ ይለያያል። የሱሪው ኪስ መቀደዱን እናት አትናገርም፣ የሳፋው ቂጥ መሳሳቱንም ነጋዴው አይናገርም። ዓይን ያለው አይቶ ይለውጣ!

ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ልዋጭ ነው። እዚያ የእቃውን ጉድለት ሳይጠየቅ ያልተናገረ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የሚለውጠው አያገኝም። አገሩ ስዊዘርላንድ፣ ከተማው ዙሪክ ነው። እቃው ደግሞ ሰንጢ!

«ሰንጢ?» ብላችሁ እንዳትደነግጡብኝ። በእኛ አገር ሰንጢ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዱርዬና ኪስ አውላቂ ነው። እዚያ ግን አያት ለልጅ ልጁ ሰንጢ ይገዛለታል፤ ልጁም ጫካ ገብቶ እንጨት ሲቀርፍበት ቢውል «ምን ሊሆን ነው?» የሚል የለም። የማወራችሁ ቀይ እጀታው ላይ ነጭ መስቀል ስላለበት፣ ቢላዋው፣ ካቻቢቴው፣ ጣሳ መክፈቻውና ወስፌው ተጣጥፎ አንድ እጀታ ውስጥ ስለሚገባው፣ ጎኑ ላይ ወረንጦና ስቴኪኒ ስለተሸጎጠበት የስዊዝ ሰንጢ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያላችሁ አንዱ መሳቢያችሁ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር

ታላቅ እህቴ ዙሪክ ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ሄጄ ሳለሁ የጎረቤቷ ልጅ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ የአበሻ ልጅ ነው፣ «ወንድሜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ካልተኛህ አንድ ገበያ ላሳይህ» አለኝ። ተኝቼ ብቀር ይቆጨኝ ነበር።

ቦታው ቡርክሊፕላትስ ይባላል። ባንሆፍሽትራሰ የሚባለው ስመ ጥር የሱቅ ጎዳና ሐይቁ ጋ ደርሶ የሚያልቅበት አደባባይ ነው። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት በየቅዳሜው ዛፎቹ ሥር የአሮጌ እቃ ገበያ ይዘረጋል። የላም ቃጭል፣ የብር ማንኪያ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ አሮጌ ሸክላ፣ የሞተ ሰው ፎቶግራፍ ሳይቀር አለ። ምናለሽ ተራ በሉት! የሚገርመው ደግሞ አጠገቡ የቆመው ሕንጻ የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ መሆኑ ነው። የዓለም ገንዘብ እዚያ፣ የሰው ውራጅ እዚህ።

ሰንጢ ለዋጮቹ ጠረጴዛ የላቸውም። እኔ የደረስኩ ዕለት አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት ነበሩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከቦርሳቸው ጥቅል ጨርቅ አወጡ። ጨርቁ ሲዘረጋ በየኪሱ አንዳንድ ሰንጢ ተደርድሯል። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር ናቸው። አንዱን ሰንጢ አንስተው ለሴትየዋ ሲያቀብሏት ገና እጇ ሳይገባ እንዲህ አሉ፦ «ትልቁ ስለት ብዙ ስለተሳለ ሁለት ሚሊሜትር ያህል አልቋል። ወረንጦውም የራሱ አይደለም፣ ከሌላ ሰንጢ ያመጣሁት ነው።»

ልጁ ሲተረጉምልኝ ሳቄ መጣ። እኛ ሰፈር ቢሆኑ እኚህ ሰውዬ ጦማቸውን ያድሩ ነበር! ሴትየዋ ግን ጉድለቱን ሰምታ፣ ከራሷም አንዱን አውጥታ የእሷንም ጉድለት ተናግራ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተለዋወጡ። ክርክር የለ፣ መሐላ የለ። ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ቀኑን፣ ከማን ጋር እንደተለዋወጡና ጉድለቱን ጻፉ። ይህን ደብተር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እኔንም «የስንት ዓመት ልጅ ነህ?» አሉኝ። ለካ ነገር አለው። ከ1961 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ እስከ 2008 ድረስ ለስዊዝ ወታደር ይታደል የነበረው ሰንጢ እጀታው ብርማ አሉሚኒየም ሆኖ፣ ስለቱ ሥር የተሠራበት ዓመት መጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ተመትተውበታል። ብዙ ሰው የተወለደበትን ዓመት ሰንጢ ይፈልጋል። እኔ የ89 ልጅ ነኝ፤ በእነሱ ግን 97 መሆኑ ነው። ልጁ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ሲያስረዳቸው ሽማግሌው አሰብ አደረጉና «እንግዲያው ሁለት ያስፈልግሃል» አሉኝ። የምለውጠው ስላልነበረኝ 97ቱን በ35 ፍራንክ ገዛሁት። 89ኙ ይቆየኝ።

ቀዩ ሰንጢ የተወለደበት ሰፈር

በሳምንቱ ልጁ «ምንጩን ሳታይ እንዳትሄድ» ብሎ በባቡር ሽቪትስ ወሰደኝ። አርት ጎልዳው ላይ ባቡር መቀየር ነው፤ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሚተን የሚባሉ ሁለት ሹል ተራሮች ከተማዋን ከላይ ቁልቁል ያይዋታል። አገሪቱ ስሟን ያገኘችው ከዚህች ሽቪትስ ነው። ቀይ መደብ ላይ ነጭ መስቀል ያለበት ሰንደቅም መነሻው እዚሁ ነው ይባላል። ከከተማዋ ዝቅ ሲሉ ሙኦታ የሚባል ወንዝ ዳር ኢባህ የምትባል መንደር አለች።

በ1884 (እ.ኤ.አ.) ካርል ኤልዘነር የሚባል ቢላዋ ሠሪ እዚህ ወርክሾፑን ከፈተ። ያኔ ስዊዘርላንድ የዛሬዋ አልነበረችም፤ ሥራ ያጣ ሕዝብ እየተሰደደ ነበር። ሠራዊቱ ደግሞ አዲስ ጠመንጃ ገዝቶ፣ ጠመንጃው የሚፈታበት ካቻቢቴና ጣሳ መክፈቻ ያለው ሰንጢ ፈለገ። አገር ውስጥ ያን ያህል የሚያመርት ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ 15 ሺህ ያህል ሰንጢዎች ዞሊንገን፣ ጀርመን ተሠሩ። ኤልዘነር ተቆጨና ባልደረቦቹን አሰባስቦ በ1891 ለሠራዊቱ ማቅረብ ጀመረ። ሆኖም የጀርመኑ ይረክስ ስለነበር አጋሮቹ አንድ በአንድ ተዉት። እሱም ዘመድ ባይደርስለት ኖሮ ከስሮ ነበር።

በ1897 ቀለል ያለ፣ ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ የተጨመረበት ሰንጢ አስመዘገበ፤ «የመኮንን ሰንጢ» አለው። ሠራዊቱ በመሣሪያነት አልተቀበለውም፤ መኮንኖቹ ግን በገዛ ኪሳቸው ገዙት። ወታደሩ ጣሳ ሲከፍት መኮንኑ ወይን ይከፍታል ማለት ነው! እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ሲሞቱ ምርቱን በስማቸው ጠራው። በ1921 የማይዝግ ብረት ሲመጣ «ኢኖክስ» ተቀጠለበትና ቪክቶሪኖክስ ሆነ።

ፈረንሳይኛ በሚነገርበት ዴሌሞን ደግሞ ቬንገር የሚባል ሌላ ፋብሪካ ነበረ። መንግሥት ከ1908 ጀምሮ የወታደሩን ሰንጢ ግዢ ለሁለቱ እኩል አካፈለ፤ አንዱ ሲያገኝ ሌላው እንዳያኮርፍ ነው ይባላል። በ2005 ቪክቶሪኖክስ ቬንገርን ገዛው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቬንገር ስም ያለበት የኪስ ሰንጢ መሠራቱ ቀረ። ለዚህ ነው ዛሬ ቬንገር የሚል ማህተም ስለቱ ሥር ሲታይ የለዋጮቹ ዓይን የሚፈጠው።

ጭረት የተባለው ፊደል

አሁን ወደዚያ ልጅ ልመለስ። አባቱ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው ስዊዘርላንድ የገቡ፣ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት እቃ በማጠብ ሥራ የጀመሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ ደመወዛቸው ከገዟቸው ነገሮች አንዷ ቀይ ሰንጢ ነበረች። እጀታዋ ላይ በሚስማር ጫፍ «ሐ» ብለው ጫሩባት። አዲስ አበባ ትተዋቸው የመጡት እጮኛቸው ስም የሚጀምርበት ፊደል ነው። እጮኛቸው ከዓመታት በኋላ መጥተው ተጋቡ፣ ልጁም ተወለደ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው አባት ሰንጢዋን ሰጡት።

ልጁ ያኔ የሰንጢ ፍቅር ገና ሲይዘው ነው። ዓመት ሳይሞላ ያችን ቀይ ሰንጢ ከሌሎች ሦስት ጋር ሰጥቶ አንድ የ1908 ሞዴል የወታደር ሰንጢ ተቀበለ። በገበያ ዋጋ ካያችሁት አትርፏል። የሚገርማችሁ የልዋጩን ሕግም አላጓደለም። አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም፤ ስለዚህ ጉድለቷን ሲናገር «እጀታዋ ላይ ጭረት አለባት» ብሎ ተናገረ።

አባት ሲሰሙ አልተቆጡም። «ይሁን» አሉ። አበሻ አባት «ይሁን» ብሎ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጭረት ያለው ነገር ምን እንደሆነ ከብዙ ጊዜ በኋላ የነገሩት እናቱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ፈለጋት። ቀይ ሰንጢ ባየ ቁጥር አውራ ጣቱን እጀታው ላይ እያሸ! በመጨረሻ ያወጣው የሽማግሌው ደብተር ነው። ሰንጢዋ አንድ ጊዜ በእጃቸው አልፋ ኖሮ «ተዘቅዝቆ የቆመ ሹካ የመሰለ ጭረት ያለባት» ብለው ጽፈዋት፣ ለማን እንደሰጧትም መዝግበዋል። ከዚያ ሰው ወደ ሌላ፣ ከሌላው ወደ ሌላ ተባለና በርን ከተማ የሚኖር ሰው ዘንድ ተገኘች።

ልጁ ያችን ውድ የ1908 ሞዴል ይዞ ሄደ። ሰውዬው ግን «አልፈልግም» አለ። «አራት ዓመት ሙሉ በዚህች ሰንጢ ፖም ልጬ በልቻለሁ። የአንተ ሰንጢ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ፖም የምልጥባት አምጣ።» ልጁ ሁልጊዜ ኪሱ የሚይዛትን የራሱን ቀይ ሰንጢ አውጥቶ ሰጠው፤ ሰውዬው ከፍቶ ዘግቶ አያት፣ ተስማማ። እንደዚያም ሆኖ «አምስት ራፐን ጨምር» አለው። ራፐን ማለት የእነሱ ሳንቲም ነው። እዚያ አገር ስለት ያለው ነገር ሳንቲም ሳይሰጥበት ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ ወዳጅነት ይቆርጣል የሚል የቆየ ወግ አለ። ልጁ ሳንቲሟን ሰጠ።

አባትስ? ሰንጢዋን ተቀበሉ፣ ፊደሏን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ስለቷን ሞከሩና «ስለቷን አበላሽተዋታል» አሉ። ከዚያ ኪሳቸው ከተቷት። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ልጁ እንደነገረኝ፣ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ «ዛሬ ምን አመጣህ?» ብለው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።

ለመለወጥ ለምታስቡ

ሰንጢም ይሁን ቴምብር፣ ሰዓትም ይሁን የድሮ ሳንቲም የምትሰበስቡ ወገኖች ከእነዚህ ሰዎች የምትማሩት አለ።

አንደኛ፣ የእቃችሁን ጉድለት ሳትጠየቁ ተናገሩ። ዛሬ ትንሽ ብትከስሩ ነገ የሚያምናችሁ ሰው ታገኛላችሁ። የምትለውጡትንም መዝግቡት።

ሁለተኛ፣ ሰንጢ ስትቀበሉ ሁሉንም መሣሪያ አንድ በአንድ ከፍታችሁ ዝጉት። ሞላው ደህና ከሆነ «ቀጭ» ብሎ ጥብቅ ይላል፤ ከላላ ወይም ከተንገዳገደ ተጠንቀቁ። ስለቱ ሥር ያለውን ማህተም አንብቡ። ቀይ እጀታ በአዲስ ሊቀየር ስለሚችል አዲስ የሚያብለጨልጭ እጀታና ያረጀ ስለት አንድ ላይ ካያችሁ ጠይቁ። ያረጀውንም አዲስ አስመስላለሁ ብላችሁ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፤ የሚሰበስብ ሰው ዕድሜውን ነው የሚፈልገው።

ሦስተኛ፣ ወደ ውጭ የምትሄዱም የምትመለሱም ሰንጢ በእጅ ሻንጣ አትያዙ፤ በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት። ከ2001ዱ (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ በአውሮፕላን ውስጥ ሰንጢ መያዝ በመከልከሉ የኢባሁ ፋብሪካ ገበያው ክፉኛ ወድቆበት ነበር፤ ሠራተኛ ሳያባርር አለፈው እንጂ።

አራተኛውና ዋናው፣ ከአባት ከእናት የመጣ እቃ ለልዋጭ ከማውጣታችሁ በፊት «ይህ ምንድነው?» ብላችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። ጭረት ነው፣ እድፍ ነው፣ ስብራት ነው የምትሉት ነገር የማን ስም እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ዛሬ አጠገባችሁ አለ። ነገ ላይኖር ይችላል። ደብተር የሚይዝ የትራም ሹፌር ደግሞ በየአገሩ አይገኝም።

ቸር ይግጠመን!